ጠላቂዋ መበለት

ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የአትላንታ ሙቀት አስፋልቱን በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ የመኪናዬ ጎማ ከተማው ዳር፣ ኖርክሮስ ላይ ፈነዳ። የጎማ ቤቱ ሰውዬ "ወረፋ አለ፣ ትንሽ ትጠብቂያለሽ" አለኝ። የመጠበቂያው ክፍል ኤሲ ተበላሽቶ ስለነበር አጠገቡ ወዳለው ሱቅ ገባሁ። የገባሁት ለቅዝቃዜው ብቻ ነበር፤ ምን እንደሚሸጡ እንኳ አላየሁም።

ግድግዳው ላይ ጥቁር የላስቲክ ልብሶች፣ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍኑ የመስታወት ማስኮች፣ እንደ ዳክዬ እግር የሰፉ ጫማዎች ተሰቅለዋል። ጥግ ላይ የአየር ታንኮች ተደርድረዋል። ከኋላ ደግሞ የመዋኛ ገንዳ አለ፤ የገንዳው አንዱ ጎን መስታወት ስለሆነ ከውሃው በታች ያለው ሁሉ ይታያል። እዚያ ታች፣ ወለሉ ላይ፣ ሰዎች ክብ ሠርተው ተንበርክከዋል። አይነጋገሩም፤ አረፋ ብቻ ከአፋቸው እየወጣ ወደ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የሚጸልዩ ነበር የመሰለኝ።

ቆሜ አየኋቸው። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ቤቴ ከሰው ድምፅ ጸድቶ አያውቅም። የሚያጽናና አለ፣ የሚመክር አለ፣ ምን ልብላ፣ መቼ ልተኛ፣ መቼ ልውጣ የሚነግረኝ አለ። እነዚያን የተንበረከኩትን ሰዎች ግን ማንም ሊያናግራቸው አይችልም። ቀናሁባቸው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አልኩት ባንኮኒው ጋ የቆመውን ሰው። ፀጉሩ የነጣ፣ ፊቱን ፀሐይ ያከሰለው ነጭ አሜሪካዊ ነው፤ የሱቁ ባለቤት መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት።

"መተንፈስ እየተማሩ" አለኝ።

ጓንት ሊገዛ የመጣ በኔ ዕድሜ ያለ ደንበኛ ጥቁር ቀሚሴን፣ ጥቁር ሻሼን አየና ፈገግ አለ። "ለአንቺ የሚሻለው ወለሉ መስታወት የሆነው ጀልባ ነው። ፍሎሪዳ ሞልቷል። ሳትረጥቢ ቁጭ ብለሽ ዓሣውን ታያለሽ" አለኝ።

በክፋት አልነበረም፤ ከልቡ አስቦልኝ ነው። ያናደደኝም እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያስብልኝ። ቁጭ በይ፣ አትድከሚ፣ ካንቺ ምን ይጠበቃል፣ ልጆችሽን አድርሰሻል፣ አሁን ዕረፊ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር። ፒችትሪ ኮርነርስ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በየጠዋቱ ከኔ የሚከብዱ ሰዎችን ከአልጋ አንስቼ የማጥብ ሴት፣ ለጀልባ መቀመጫ ብቻ የምበቃ ሆንኩ ማለት ነው።

"ይኼን ለመማር ምን ያስፈልጋል?" አልኩት ባለቤቱን።

"መዋኘት ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያውስ መጀመሪያ ዋና ተማሪና ተመለሽ።"

"እመለሳለሁ" አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ። እንዲህ ብሎ ወጥቶ የቀረ ስንት ሰው እንዳየ ከአነቃነቁ ያስታውቃል።

ዋና የተማርኩት በከተማው ገንዳ፣ ለትልልቅ ሰዎች በሚሰጥ ክላስ ነው። መኸሩንና የብርዱን ወራት ፈጀብኝ። ከውሃው ይልቅ ያስቸገረኝ ከልብስ መቀየሪያው እስከ ገንዳው ያለው መንገድ ነበር። በሰው ፊት በዋና ልብስ መሄድ! እጅጌው እስከ ክንድ፣ እግሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ገዝቼ እንኳ ፎጣዬን እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ አልለቀውም ነበር። አንድ ቀን ፎጣው ረጠበና ከበደኝ፤ ወረወርኩት። ከዚያ በኋላ ይዤው ገብቼ አላውቅም።

ነገሩ ቤት ውስጥ የታወቀው ያ ልብስ ሻወር ቤት ተሰቅሎ ሲንጠባጠብ ነው። ያገኙት እትዬ ናቸው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናቸው፤ እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ባሌ ሲሞት ኮንየርስ ያለውን ቤታቸውን ለልጃቸው ትተው እኔ ጋ ገቡ። ልብሱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ወደ ሳሎን መጡ።

"ይኼ የማነው?"

"የኔ ነው እትዬ።"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ዋና እየተማርኩ ነው። ከዚያ ደግሞ ዳይቪንግ እማራለሁ። ታንክ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መግባት።"

እትዬ ልብሱን ሶፋው ላይ ጣሉትና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። እትዬ በር ዘግተው ካወሩ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ የጸሎት ቡድናችን ሴቶች መጡ። ኬክ ይዘው፣ በሥርዓት ለብሰው፣ ሊያስታርቁ እንደመጡ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ሁላችንም የአንድ ቤተ ክርስቲያን አባላት ነን፤ አብረን የጾምን፣ አብረን ሬሳ የሸኘን። በዕድሜ የምታንሰኝ ነርስ ነች ቀድማ የተናገረችው።

"እኛ እንኳን አንቺን ለመቆጣጠር አይደለም። ግን ውሃ አደገኛ ነው። ሰውም ያወራል። ሐዘንሽ ገና አልወጣም፤ ጥቁር ለብሰሽ..."

"እዚያም የሚለበሰው ጥቁር ነው" አልኳት።

አንዷ ሳቋን በኬኩ አፈነችው። እትዬ በዓይናቸው ገሠጿት።

"ይኼ ቀልድ አይደለም" አለች ነርሷ። "ውሃ ውስጥ መስጠም..."

"ስጠመቅ በሁላችሁም ፊት ሰጥሜ የለ እንዴ? እናንተ አይደላችሁ ያጨበጨባችሁት?"

"ያኔ እኮ ፓስተሩ ይዞሽ ነበር!"

"አሁንም የምትይዘኝ የዋና አስተማሪ አለች። ሰርተፊኬት አላት።"

ጸለዩልኝና ሄዱ። ጸሎቱ ላይ እግዚአብሔር ማስተዋልን እንዲሰጠኝ ጠየቁት። እኔም አሜን አልኩ፤ ማስተዋልማ እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ኖርክሮስ ሄጄ ዳይቭ ሱቁ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ።

ባለቤቱ ረስቶኝ ነበር። "ዋና ተምሬያለሁ" ስለው ወደ ገንዳው ላከኝ፣ ተመላልሼ ስዋኝ ቆሞ አየ፣ ከዚያ ለአንዲት አሰልጣኝ አስረከበኝ። ሴትየዋ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ በጥቂት ዓመት የምትበልጠኝ ነች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስለ ጀልባው ሰውዬ ነገርኳት።

"ስሚኝ" አለችኝ። "እናቴ ልጅ እያለች በከተማዋ ገንዳ ጥቁር አይገባም ነበር። ስለዚህ አልተማረችም። ስለማትችል እኛንም ውሃ አጠገብ አታስደርሰንም። ፍርሃቱ የሷ አልነበረም፤ የከለከሏት ሰዎች ያስታቀፏት ነው። እኔ ይኼን አልወርስም ብዬ ነው የገባሁት። አንቺም በራስሽ ምክንያት ግቢ። የጀልባውን ሰውዬ እርሺው።"

አልረሳሁትም። ግን ስሜቷ ገባኝ።

ክላሱ ውስጥ አራት ነበርን፦ ለጫጉላ ሽርሽራቸው የሚዘጋጁ ሁለት እጮኛሞች፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና እኔ። ታንኩ ከባድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ክብደቱ ይጠፋል። ዋናው ሕግ ትንፋሽን አለመያዝ ነው፤ ሁልጊዜ መተንፈስ፣ በአፍ፣ በቀስታ። ንግግር ስለሌለ ምልክት አለ። አውራ ጣትን ወደ ላይ ማሳየት "ጥሩ ነው" ማለት አይደለም፤ "እንውጣ" ማለት ነው። ይኼን ረስቼ ደስ ባለኝ ቁጥር አውራ ጣቴን አወጣለሁ፣ አሰልጣኟም በደስታዬ መሃል ወደ ላይ ታወጣኛለች። "ደስታሽን በሌላ ጣት ግለጪ!" እያለች ትጮህብኝ ነበር።

ሁሉ ነገር ደህና ሄዶ ማስኩ ላይ ተሸነፍኩ። ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክኮ ማስክን ሙሉ በሙሉ ማውለቅ፣ በአፍ እየተነፈሱ መቆየት፣ ከዚያ መልሶ አጥልቆ በአፍንጫ በመተንፈስ ውሃውን ማስወጣት። ሌሎቹ አደረጉት። እኔ ማስኩን ሳወልቅ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን የሚሰማኝ የትንፋሼ ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድምፅ ባሌ በመጨረሻው ሳምንት የተገጠመለትን የኦክስጅን መሣሪያ ይመስላል። ሹ... ሹ... ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስሰማው የከረምኩት ድምፅ ነው። ወዲያው ውሃ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፣ እኔም እየረገጥኩ ወደ ላይ እተኮሳለሁ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግሜ ወጣሁ። የሆስፒታሉን ነገር ለማንም አልተናገርኩም።

ከክላስ በኋላ ባለቤቱ ወደ ባንኮኒው ጠራኝ።

"ሁሉም ሰው ለዚህ አልተፈጠረም" አለኝ በለስላሳ ድምፅ። "ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከፈለግሽ እዚህ ላይ እናቁመው።"

"የምትፈልገው አንተ ነህ ወይስ እኔ?"

"እኔማ ለደህንነትሽ ብዬ ነው።"

"ለደህንነቴ የሚያስብ ሰው ቤቴ ሞልቷል። ከአንተ የምፈልገው ማስተማርህን ነው። ሳልችል ባሕር ውስጥ አስገባኝ አልልህም። እስክችል ድረስ ግን ገንዳህ ውስጥ አለሁ።"

አሰልጣኟ ከኋላ ታንክ እያነሳች "ሰምተሃታል" አለችው። ባለቤቱ የሚቀጥለውን ክላስ ቀን ጻፈልኝ።

እሷ የሰጠችኝ የቤት ሥራ ቀላል ነው፤ ሳፋ ውሃ ሞልቼ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ነክሼ፣ አፍንጫዬን ሳልሸፍን ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ መተንፈስ። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ባኞ ቤት ተንበርክኬ ስሞክር አንድ እጅ ማጅራቴን ይዞ ወደ ላይ ነቀለኝ። ቱቦው ከአፌ ወደቀ። እትዬ ናቸው፤ ቀሚሳቸው ረጥቧል።

"ራስሽን ልታጠፊ ነው? ልትሞቺብኝ ነው?"

"እትዬ! እየተለማመድኩ ነው!"

"አውቄያለሁ! ገና ሻወር ቤት ያን ልብስ ሳይ አውቄያለሁ! ባልሽን ተከትለሽ ልትሄጂ ነው። ውሃ፣ ውሃ የምትይው ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ አንቺን ቀብሬ ልቀመጥ?"

የባኞው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሴቶቹን ሰብስበው ያመጡት፣ ስንት ሳምንት ያኮረፉኝ፣ ለካ ይኼን ፈርተው ነው። ሰው ምን ይለኛል ብለው የተቆጡ ነበር የመሰለኝ። ፊቴ ውሃ እያንጠባጠበ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።

"እትዬ፣ መሞት ብፈልግ ኖሮ መተንፈስ ለመማር ይኼን ያህል እለፋ ነበር?"

በነጠላቸው ጫፍ መጀመሪያ የኔን ፊት፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ጠረጉ።

"እኔ እያየሁ አድርጊው" አሉ።

ቱቦውን አጥቤ ነከስኩ፣ ፊቴን ነከርኩ። ድምፁ መጣ። ሹ... ከውሃው በላይ እትዬ መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ሲደግሙ በሩቁ ይሰማኛል። ድምፃቸውን ተደግፌ ቆየሁ። ሥራ በማልገባበት ጠዋት ሁሉ እንዲህ ሆነ፤ እኔ ሳፋው ውስጥ፣ እትዬ ባኞው ጠርዝ ላይ። ስጨርስ ሁልጊዜ "ይኼ እብደት ነው" ይላሉ፣ ሳፋውን ግን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው።

የገንዳውን ማስክ አለፍኩት። ሳላምር፣ እያነጠስኩ፣ ግን አለፍኩት።

በዚያ መሃል የቅዳሜ ሰው ሆኛለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ጀርባ ታንክ ሲሞላ ኮምፕረሰሩ እያጓራ፣ ሰዎቹ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ውሃ ያወራሉ። የከባድ መኪና መካኒክ አለ፣ ሁለት ጡረተኛ ባልና ሚስት አሉ፣ የጥርስ ሐኪሙ አለ። ሳምቡሳ ይዤ ስሄድ ወንበር ይለቁልኛል። ማንም ስለ ሐዘኔ አይጠይቀኝም። "ጆሮሽ እንዴት ነው?" ነው የሚሉኝ፤ ውሃ ውስጥ ቀድሞ የሚያስቸግረው ጆሮ ነው። መካኒኩ ቃሪያ የበዛበትን ሳምቡሳ እየበላ ዓይኑ እያነባ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ሲል አሰልጣኟ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እያሳየች "አውጡት!" ትላለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበት ቦታ አልነበረም።

የመጨረሻው ፈተና አላባማ ውስጥ፣ ድንጋይ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ውሃ በሞላው ትልቅ ጉድጓድ ነው። ጸደይ ነበር። ውሃው አረንጓዴ፣ ቅዝቃዜውም አጥንት የሚገባ ነው። ፈታኙ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ።

ትንሽ እንደወረድን ጆሮዬ በመርፌ እንደተወጋ ሆነ። አፍንጫን ይዞ በቀስታ በመንፋት ግፊቱን ማስተካከል ነው የሚባለው፤ ነፋሁ፣ እምቢ አለ። አውራ ጣቴን አሳየሁት፤ በዚህ ጊዜ በትክክለኛ ትርጉሙ። ወጣን።

"በቃ" አለኝ ውሃው ላይ እየተንሳፈፍን። "ዛሬ ጆሮሽ እምቢ ብሏል። ሌላ ቀን..."

"እምቢ አላለም። ቀስ በይ ነው ያለኝ። እስካሁን የወረድነው በአንተ ፍጥነት ነው። አሁን በኔ እንውረድ። ካመመኝ ራሴ እወጣለሁ።"

ዳር የቆሙት ሌሎቹ ተማሪዎች ዞረው አዩን። ባለቤቱ አሰልጣኟን አያት። እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች። "በሷ ፍጥነት" አለች።

ወደ ታች የተዘረጋውን ገመድ ያዝኩ። አንድ እጅ፣ ከዚያ ሌላው። ጆሮዬ ሲጠጥር ቆም እላለሁ፣ ትንሽ ወደ ላይ እመለሳለሁ፣ እነፋለሁ፣ ጧ ብሎ ሲከፈት እቀጥላለሁ። ባለቤቱ አጠገቤ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ሊያጣድፈኝ አልሞከረም፤ ይኼን አመሰግነዋለሁ። ታች ለጠላቂዎች የተሠራ መድረክ ላይ ደርሰን ተንበረከክን። ማስኬን አመለከተ።

አወለቅኩት። ቅዝቃዜው ፊቴን በጥፊ መታው። ዓይኔ ተጨፈነ፣ ድምፁም መጣ። ሹ... ሹ... ያው የሆስፒታሉ ድምፅ ነው። ግን የምተነፍሰው እኔ ነኝ። ሳንባዬ ይሞላል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይሞላል። ለመውጣት አልቸኮልኩም። ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ መሰለኝ፣ ባለቤቱ ክንዴን ነካ ነካ አደረገኝ። ማስኩን አጠለቅኩ፣ በአፍንጫዬ ነፋሁ፣ ውሃው ወጣ። ዓይኔን ስገልጥ እጁን ዘርግቶ ነበር። ጨበጥኩት።

ከዚያ አሰልጣኟ ሌሎቹን ይዛ ወረደችና ሁላችንንም ወደ ጉድጓዱ ጥግ መራችን። ለጠላቂዎች መጎብኛ ብለው ያሰመጡት አንድ አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አለ፤ ቢጫው ቀለም በጭቃ ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። በሩ ተነቅሏል። አሰልጣኟ ገብታ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ዞራ አየችንና በጣቷ "ተቀመጡ፣ ጸጥ!" አለችን። ማስኬ ውስጥ ስቄ ውሃ አስገባሁ። አስወጣሁትም።

ያን ቀን የጠላቂነት ካርዴን አገኘሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። እትዬ የማደርገውን ስላወቁ ቀሚሴን ያዙኝ፤ አስለቅቄ ተነሳሁ። ማይክራፎኑን ይዤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ የሆነውን ተናገርኩ፣ ቀጥሎም "ከመሃላችን መዋኘት የምትችል ሴት ካለች እጇን ታንሳ" አልኩ። ጥቂት ወጣቶች እጅ አነሱ። ከእናቶች ረድፍ አንድም አልተነሳም። "መማር የምትፈልግስ?" ስል እናቶቹ ዓይናቸውን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ ተከሉ። የአምልኮ መሪው ማይኩን ተቀብሎ መዝሙር አስጀመረ።

ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬን ስከፍት አንዲት ሴት መጣች። "ፀጉር ያበላሻል?" አለች ዙሪያዋን እያየች። እሷ ስትሄድ ሌላ መጣች፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ሐኪሟ ውሃ ጥሩ ነው ብሏታል። ወዲያው ነርሷ መጣች፣ ያቺው ማስተዋል የለመነችልኝ። "ወንድ አይኖርም አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ኖርክሮስ ያለው ገንዳ እሁድ ከሰዓት ባዶ ነው። ባለቤቱን ጠየቅኩት፣ ቁልፉን ለአሰልጣኟ ሰጣት። መስታወቱን በአንሶላ ሸፈንን። ሴቶቹ በየራሳቸው ዓይነት ተሸፋፍነው መጡ፤ አንዷ በልጇ ቲሸርት፣ ሌላዋ በሌጊንግ። እትዬም መጡ። አግዳሚው ላይ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። "እኔ አልገባም። የመጣሁት እናንተን ልጠብቅ ነው" አሉ። ማንም አልለመናቸውም።

ጉልበቷን የሚያማት ሴት ደረጃው ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ነክቷት ቆማለች። ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። "አልችልም፣ በዚህ ዕድሜዬ አልችልም" ትላለች። አሰልጣኟ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። "ብረቱን በአንድ እጅ ብቻ ያዢ በያት" አለች።

ነገርኳት። ሴትየዋ ተቆጣች። "ለምን በአንድ እጅ?"

"በሌላው እኔን እንድትይዢ" አልኳትና ዘረጋሁላት።

አጉረመረመች፣ ስለ ሕይወት ዋስትናዋ አንድ ነገር ተናገረች፣ ከዚያ ክንዴን በጥፍሯ ይዛ አንድ ደረጃ ወረደች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ደረሰ።

"ቀዝቃዛ ነው!" ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷን ቤቱ ሙሉ አስተጋባው። ሌላ ደረጃ ወረደች።